የስቱሬ ንጹሕ አፈሙዝ

ራግናር ኦማን አጋዘን በሚጠብቅበት የእንጨት ማማ ሥር በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። ጥይቱ ደረቱን በስቶ ረግረጉ ውስጥ ስለጠፋ፣ ከማን ጠመንጃ እንደወጣ ማወቂያ አልነበረም። መርማሪ ጉንቮር ወደ አደን ጎጆው ስትገባ ግን ቤቱ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት።

«እሱ ነው!» አለች የሟች ልጅ ሲግሪድ፣ ጣቷን በገዛ ባሏ ላይ ቀስራ። «ትናንት ራት ላይ ከአባቴ ጋር ሲጨቃጨቅ ነው ያመሸው!»

«በምን?» አለች ጉንቮር።

«ከእኔ በኋላ የአደን ቡድኑን አንተ ምራ አለኝ፤ አልፈልግም አልኩት» አለ ባሏ አልቪን። «በቃ፣ ይኸው ነው።»

በዛሬው አደን ሲግሪድ ያለ ጠመንጃ ውሾቹን ስትመራ ነበር። በደኑ ውስጥ ከሟቹ ሌላ የታጠቁት አልቪንና የራግናር ታናሽ ወንድም ስቱሬ ብቻ ነበሩ። ስቱሬ ጠመንጃውን ጉንቮር አፍንጫ ሥር ደቀነው።

«እዪው፣ አፈሙዙ መስታወት ነው! የዚህን ከተሜ ደግሞ አሽትቺው፤ ባሩድ ባሩድ ይላል። ሌላ ምን ቀረሽ?»

«ትናንት ሁላችንም ኢላማ ላይ ተኩሰናል» አለ አልቪን። «በዘይት የተወለወለ አፈሙዝ የመጀመሪያ ጥይቱን ስለሚስት፣ የአደኑ ሳምንት እስኪያልቅ ማንም እንዳይወለውል ያለው ራሱ ራግናር ነው።»

«እኔ የራግናር ሎሌ አይደለሁም! ዕድሜ ልኬን ማታ ማታ እወለውላለሁ፤ ትናንትም ወልውያለሁ። አንተን ሚስትህ እንኳ አላመነችህም፣ ቀሽም!»

የሰውየው ንቀት የጉንቮርን ደም አፈላው፤ ፊቷ ግን አልተለወጠም። «መቼም ጎበዝ ተኳሽ ነህ አሉ።»

«አጎቴ ሁለተኛ ጥይት አያስፈልገውም» አለች ሲግሪድ። «ሁሌም በመጀመሪያው ነው የሚጥለው።»

«ማነጣጠሪያህንስ ሰሞኑን ነካክተኸዋል?» አለችው ጉንቮር።

«ከበጋ ወዲህ የነካው የለም» አለ ስቱሬ ደረቱን ነፍቶ።

ጉንቮር ሦስቱንም ይዛ ወደ ተኩስ መለማመጃው ሄደች። የስቱሬን ጠመንጃ እንዳለ የአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፋ ራሷ ተኮሰች። የመጀመሪያው ጥይት ከኢላማው መሐል አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ አረፈ። የቀጠሉት ሦስቱ መሐሉን በሱት።

«የመጀመሪያውን ያሳተው በአፈሙዙ ውስጥ የቀረው ዘይት ነው» አለች። «አፈሙዙ ባሩድ ሲቀባ ጥይቱ ቀና። በየማታው የምትወለውል ብትሆን ኖሮ ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያ ጥይትህ ሁሉ ይስት ነበር፤ ወይም ማነጣጠሪያህን ለዘይቱ ታስተካክለው ነበር። አንተ ግን በመጀመሪያው አትስትም፤ ማነጣጠሪያህም የተስተካከለው ለቆሸሸ አፈሙዝ ነው። ስለዚህ በየማታው አትወለውልም፣ ዋሽተሃል። የወለወልከው ዛሬ ነው፣ ከተኮስክ በኋላ። አለዚያ ውሸቱ ለምን አስፈለገህ?»

ስቱሬ ፊቱ ደም ለበሰ። «ታዲያ ዝም ልበል? እኔ ከኋላው ስከተል አርጅቼ፣ ቡድኑን ለዚህ? ለዚህ!»

ከጉንቮር ጋር የመጡት ፖሊሶች እጁን አስረው ወሰዱት። ሲግሪድ እያለቀሰች ወደ ባሏ ተጠጋችና እጇን ዘረጋች። «አልቪን... ይቅር በለኝ።»

አልቪን እጇን አልያዘውም።

«እኔን ለማመን አራት ጥይት አስፈለገሽ» አላት። የመኪናውን ቁልፍ አጥሩ ላይ አስቀመጠላትና በእግሩ ወደ አውራ ጎዳናው ሄደ።