ለፋኢዛ፣ ከድሬዳዋ

ረምዚ የብስኩት ቆርቆሮ ታቅፎ ካርቲዬ ሁለት ከሚባለው ሰፈር ካለ የጨርቅ ሱቅ ሲገባ፣ ጀዋሪያ ሽቶ አዟሪ መስሏት «ዛሬ አንገዛም» ብላው ነበር። ይህ ከሆነ ስድስት ዓመት አለፈ፤ ትዝ ባላት ቁጥር ግን ዛሬም ብቻዋን ትስቃለች።

«የምሸጠው ነገር የለኝም። እዚህ አማርኛ የምታነብ ልጅ አለች ብለውኝ ነው» አላት።

እናቱ ፋኢዛ ካረፈች ሁለተኛ ወሯ ነበር። ቆርቆሮው ውስጥ ያሉት ደብዳቤዎች ድሬዳዋ የነበረች ጓደኛዋ ድሮ በባቡር ነጋዴዎች እጅ ድንበር አሻግራ የላከችላት ናቸው። ረምዚ አማርኛ አሳምሮ ይናገራል፤ ትምህርቱ ሁሉ በፈረንሳይኛ ነበርና ፊደሉን ግን ጨርሶ አያውቀውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ከተማው ከቀትር እንቅልፉ ነቅቶ ሱቆች አሥር ሰዓት ላይ ሲከፈቱ፣ ረምዚ ከአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራው በቀጥታ ይመጣል። የጀዋሪያ አጎት ሚስት ናዒማ በጨርቅ ጥቅሎቹ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃቸዋለች። መጀመሪያ የምትጠብቀው ልጅቷን ነበር፤ ኋላ ግን ደብዳቤውን ከሁለቱም ብሳ ትናፍቅ ጀመር።

የፋኢዛ ጓደኛ «እህትሽ ቢፍቱ» እያለች ነው የምትሰናበተው። መጻፍ ስለማትችል ባቡር ጣቢያው በር ላይ ለሚቀመጥ ጸሐፊ እየነገረች ታስጽፋለች። «ጸሐፊው ሳቅ አይጻፍም አለኝ እንጂ እየሳቅሁ ነው» ትላለች አንዱ ላይ። ስለ ጎርፉ፣ ስለ ማንጎው፣ ስለ ጎረቤት ጠብ ታወራለች። ጀዋሪያ ይህችን ሴት ወደደቻት። የራሷ እናት ኑሪያ የሞተችው እሷ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ነበርና ድምጿን እንኳ አታስታውስም።

ረምዚንም ወደደችው፤ ምን ይደበቃል። ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ስትሻገር ቀና ካለች ዓይኑ እሷው ላይ ነው። እሷ ታፍራለች፤ እሱ ደግሞ ማፈሯን ይወደዋል። ደብዳቤዎቹ ቶሎ እንዳያልቁ በቀን አንድ ብቻ ማንበብ ጀመረች።

አራት ወር እንዲህ አለፈ። አንድ ማክሰኞ፣ የመጨረሻው ደብዳቤ ሲቀር፣ ረምዚ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዓርብ አጎቶቼ አጎትሽ ዘንድ ለሽምግልና ይመጣሉ። አንቺ ከተስማማሽ ነው እንግዲህ።»

«እኔ መቼ እምቢ አልኩ?»

ናዒማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ፈገግታዋ ግን ከጎን ይታይ ነበር።

«ዳኮር» አለ ረምዚ በፈረንሳይኛ፣ ደስታው «እሺ» የሚለውን አማርኛ አስረስቶት። «በይ አሁን የመጨረሻውን አንብቢልን።»

ጀዋሪያ ወረቀቱን ዘረጋች። «ውድ እህቴ ፋኢዛ፣ አልሐምዱሊላህ በሰላም ተገላገልኩ። ሴት ናት። አብዱላሂ ስሟን...»

ድምጿ ተቋረጠ። አብዱላሂ አባቷ ነው። የሚቀጥሉትን መስመሮች ዓይኗ ብቻውን ሮጠባቸው።

«ስሟን ማን አላት?» አለ ረምዚ።

ሌላ ስም መጥራት ትችላለች። ወረቀቱን አጥፋ «ሰላም ሁኚ ብላ ጨረሰች» ብትለው ያምናታል፤ ዓርብም ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። ግን እናቷ ነበረች ይህን ሁሉ ወር ያናገረቻት። ሃያ አራት ዓመት ጠብቃ ያገኘችውን ድምፅ በገዛ እጇ ልታፍነው አልቻለችም። ደብቃ ብታገባው ሐራም መሆኑንም ታውቃለች። ከመጀመሪያው ጀምራ አነበበችው።

«አብዱላሂ ስሟን ጀዋሪያ አላት። አንቺ በወሊድ ታመሽ እዚህ ድሬዳዋ ሐኪም ቤት በተኛሽ ጊዜ ረምዚን ከሙሰዲቄ ጋር እኩል አርባ ቀን አጥብቼዋለሁና ልጄ ነው። እህት መጣችልህ ብለሽ ንገሪው።»

ሙሰዲቅ የጀዋሪያ ታላቅ ወንድም ነው። ረምዚ ያውቀዋል፤ በስልክ ተዋውቀዋል።

«ኢናሊላሂ» አለች ናዒማ ቀስ ብላ።

ረምዚ ወደ ጀዋሪያ ዞረ። «ቢፍቱ ያንቺ እናት ናት?»

«የኔ ናት። ኑሪያን በቁልምጫ ቢፍቱ ይሏት ኖሯል።»

«ሼሁ ዘንድ ሄደን ብንጠይቅስ?»

«አንድ ጡት የጠቡ እህትና ወንድም ናቸው፣ አይጋቡም። አምስት ጊዜ ጠግቦ ከጠባ ይበቃል ነው የሚሉት። እዚህ አርባ ቀን ነው የተጻፈው።»

«ባታነቢው እኮ አላውቅም ነበር።»

«እኔ አውቅ ነበር» አለችው። «እወድሃለሁ ረምዚ። ስለምወድህ ነው ያነበብኩት።»

ዓርብ ሽማግሌ አልመጣም። ረምዚ ብቻውን መጣ፤ ዓይኑ ቀልቷል። ማርሴይ ያለው አጎቱ ዘንድ ለመሥራት እንደሚሄድ ነገራቸው። የብስኩት ቆርቆሮውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠላት።

«የእናትሽ ነው፣ ውሰጂው» አላት።

ሊወጣ ሲል ናዒማ ናት የተናገረችው።

«ተጨባበጡ እንጂ። ወንድሟ ነህ እኮ፣ ማን ይከለክልሃል?»

እስከዚያች ቀን እጇን ነክቶ አያውቅም ነበር። ጀዋሪያ እጇን ዘረጋችለት፤ ረምዚም ናዒማ እያየች በሁለት እጁ ያዘው።