ስም የሚጠይቅ በር

በሰንቀራ ከተማ ዶሮ ጮኸ፤ ፀሐይ ግን አልወጣችም። ሰማዩ እንደ በረደ አመድ ተኝቶ ቀረ። ከብቶች በበረታቸው ቆመው አንገታቸውን ደፉ፤ የምንጩ ውኃ ጠቆረ፤ የንጉሡ ግንብ ጥላውን አጣ። ሕዝቡ ቀና ብሎ ወደ ግንቡ ራስ ቢያይ፣ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ጠፍታ የማታውቀው ፋና፣ «ንጋት» የሚሏት፣ በቦታዋ የለችም። ተሰርቃለች።

ሌባውን ማን አስገባው? ይህን ከሰንቀራ ሰው ሁሉ ለይታ የምታውቅ አንዲት ልጅ ነበረች። ስሟ ታንጉት ነው፤ የትልቁ በር ዘብ ናት። ጦር ከጨበጠች ገና አንድ ክረምት አልወጣባትም። ወትሮ አፏ አያርፍም፤ ያን ቀን ግን በበሩ ድንጋይ ላይ ኩርምት ብላ፣ ጦሯን ታቅፋ ተቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰንቀራ በገደል አፍ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ከገደሉ ሥር ጭጋግ አለ፤ በጭጋጉ ውስጥ አልቦ ይኖራል። አልቦን እናት አልወለደችው፣ አባት አልጠራው፤ ስም የለውም። ስም የሌለው ነገር ደግሞ ረኃቡ አያልቅም። ስለዚህ የጥንት ሰዎች ለበሩ ሕግ ሠሩለት። ንጉሥም ይሁን ለማኝ፣ ወደ ከተማዪቱ የሚገባ ሁሉ ከተቀመጠበት ይወርዳል። ዘቡ ጦሩን በበሩ ላይ ያጋድምና መጀመሪያ የራሱን ስም ይናገራል። ቀጥሎ «ማን ነዎት? የማን ልጅ ነዎት?» ይላል። ገቢው ስሙን ይሰጣል፤ ዘቡ ያን ስም መልሶ ይጠራል፤ ጦሩም ይነሣል። ስም የሌለው አይገባም። ይኸው ነው፤ ጡት ያልጣለ ልጅ ይገባዋል።

ጡት ያልጣለ ልጅ የገባው ነገር ግን ለሹም አልገባም።

የበሩ አለቃ አንድ ሽማግሌ ነበር። ስሙ ለምን እዚህ እንዳልተነገረ ኋላ ይታወቃል፤ ሁሉም አለቃ ይለው ነበርና አለቃ እንበለው። ፋናዋ ከመጥፋቷ በፊት በገበያ ቀን፣ አፈ ሸንጎ ዛራሞ በባለ ቀንድ በቅሎው ላይ ተኮፍሶ፣ አሽከሮቹን አስከትሎ ወደ በሩ መጣ። አለቃ ጦሩን አጋደመ፤ ስሙን ተናገረ፤ ጎንበስ ብሎም፣

«ጌታዬ፣ ማን ነዎት? የማን ልጅ ነዎት?» አለ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ዓይንህ ፈሷል? ማን እንደሆንኩ አታውቅም?»

«እኔስ አውቅዎታለሁ ጌታዬ። በሩ ግን አያውቅዎትም።»

ዛራሞ ከበቅሎው ጎንበስ አለና በጥፊ አጮለው። የአለቃ ቆብ አቧራ ላይ ወደቀ። «ያለበስኩህ እኔ! ያበላሁህ እኔ! ውሻ በጌታው ላይ ይጮኻል?» ብሎ በቅሎዋን ኮለኮላት፤ ቆቡን ረግጣው ገባች። አሽከሮቹም ስም ሳይሰጡ ተከትለው ገቡ።

ገበያተኛውስ ምን አደረገ? ሳቀ። ያውም ሆዱን ይዞ ነው የሳቀው። «ይበለው! የድኻ ቅርጫት በእርግጫ ሲመቱ የሚውሉ እነሱ አይደሉ?» አለ አንዱ። እውነቱን ነው፤ ዘቦቹም ለድኻ ሲሆን ክንዳቸው ረጅም ነበር። ጫኔ የሚባል አዝማሪ እዚያው ማሲንቆውን አወጣና፣

«ዶሮዬን የበላው ያ የበሩ ዘብ፣
ጥፊ ጎረሰ አሉ ዛሬ እስኪጠግብ»

ብሎ ለቀቀው። እስከ ማታ ግጥሙ በየጠጅ ቤቱ ዞረ። በግንቡ ላይ የሰፈሩት ቃል ለቃሚ ወፎችም ሰሙ። እነዚህ ላባቸው የተመለጠ አስቀያሚ ወፎች ከሰው አፍ የወደቀ ቃል ለቅመው ወደ ገደሉ የሚያወርዱ ናቸው። ግጥሙን ለቀሙ፤ ከእርሱ በፊት ግን የዛራሞን ቃል ለቅመው ነበር።

በማግስቱ ወደ ማምሻው ታንጉት ብቻዋን በሩ ላይ ቆማ ሳለ፣ ካባ የደረበ ሰው በባለ ቀንድ በቅሎ መጣ። አልወረደም። ስሟን ነገረችው፤ ማን ነዎት ብላ ጠየቀችው። ከካባው ውስጥ ድምፅ ወጣ፦

«ማን እንደሆንኩ አታውቂም?»

ታንጉት አቧራ ላይ የወደቀው ቆብ ታያት። የገበያው ሳቅ በጆሮዋ ጮኸ። ጦሩን አነሣችና «ይለፉ ጌታዬ» አለች። ያለፈው ሰው ጥላ አልነበረውም፤ የበቅሎዋም ኮቴ ድምፅ አልነበረውም። ይህን ያየችው ካለፈ በኋላ ነው።

እንግዲህ ንጋት በጠፋች ጊዜ ሸንጎው በአደባባይ ተቀመጠ። ዛራሞ ተነሥቶ ክንዱን ዘረጋ፦

«የሰንቀራ ሕዝብ ሆይ! ብርሃንህን ማን ሸጠብህ? እኛ ስለ አንተ ስንመክር ስናወጣ ስናወርድ፣ በርህን ከፍቶ የተኛ ማን ነው? ዘብ! በአንተ እንጀራ የጠገበ ዘብ!»

«ይሰቀል!» አለ ሕዝቡ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል።

ታንጉት ልትናገር አፏን ከፈተች። አለቃ እግሯን ረገጣትና ወደ ፊት ወጣ። «በሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ» አለ።

ሸንጎውም ፈረደ፦ አለቃ ወደ ገደሉ ወርዶ ንጋትን ይዞ ከተመለሰ በነፃ ይኖራል፤ ባዶ እጁን ከመጣ በበሩ ላይ ይሰቀላል። ታንጉት ይህን ስትሰማ ጦሯን ከመሬት ተክላ በሕዝብ ፊት ማለች፦ «በያዝኩት ጦር፣ በቆምኩበት ደጅ! ንጋትን ሳልይዝ፣ አለቃንም ሳላድን ብመለስ ጦሬ ይዛግ፣ ደጄ ይዘጋ!» አለቃ ስለ እርሷ የሰጠውን የሐሰት ቃልም አንድ ቀን ሳታፈርስ እንዳትሞት በልቧ ለመነች።

ከዚያ ሁሉ ጎበዝ «እኔም እወርዳለሁ» ያለ ጠፋ። በመጨረሻ ማሲንቆውን በብብቱ የሸጎጠ ከሲታ ሰው ከኋላቸው ደረሰ።

«አንተ ደግሞ ምን ልትሆን?» አለችው ታንጉት። «የሰደብከው አልበቃ ብሎህ አሟሟቱን ልትዘፍን ነው?»

«እህቴ፣ ፀሐይ ከሌለች ሰርግ የለም። ሰርግ ከሌለ ጫኔ ምን ይብላ? ማሲንቆው ጭራ ነው፤ ቢቀቀልም አይበላም» አለ። ዓይኑ ግን ወደ አለቃ አልቀናም።

ወረዱ። መንገዱ እንደ ላም ምላስ የሚያዳልጥ፣ ዛፎቹ ቅጠላቸውን ወደ ውስጥ የጠቀለሉ፣ አየሩ የተዘጋ ጉድጓድ የሚሸት ነበር። በየድንጋዩ ላይ የተቀመጡት ወፎች አለቃን ሲያዩ አንገታቸውን ሰብቀው፣ በሰው ድምፅ፣ በሰው ሳቅ፣ «ጥፊ ጎረሰ አሉ ዛሬ እስኪጠግብ!» አሉት። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀበላል። ገደሉ በሙሉ ሳቀበት። ጫኔ ድንጋይ አነሣና መወርወር ጀመረ።

«ዝም በሉ፣ እናንተ መላጦች!»

«የወለድከውን ልጅ በድንጋይ ትደበድባለህ?» አለው አለቃ።

ጫኔ ድንጋዩን ጣለ። ብዙ ከሄዱ በኋላ፣ «አለቃ፣ እንዲያው ዶሮዋን በልተዋታል?» አለ።

«በልቻታለሁ። የመበለቲቱ የስንዱ ዶሮ ነበረች። ርቦኝም አልነበረም፤ ማን ይናገረኛል ብዬ ነው» አለ አለቃ። ጉንጩን ዳሰሰ። «ያ ሰው የመታኝ ግን ስለ ዶሮዋ አይደለም ጫኔ። ስለ ዶሮዋ ቢሆንማ እጁን በሳምኩት።»

ታንጉት ከፊት ከፊት እየሄደች እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አለቃ፣ በሩ ላይ የነበርኩት እኔ መሆኔን እርስዎም እኔም እናውቃለን። ለምን?»

«ጦሩን ያነሣሽው አንቺ ነሽ። ክንድሽን ያዛለው ግን በእኔ ጉንጭ ላይ ያረፈው ጥፊ ነው። ዝም ብለሽ ሂጂ ልጄ።»

ከገደሉ ሥር ደረሱ። ጭጋጉ እንደ ነጭ ባሕር ተኝቷል፤ በመካከሉ ንጋት፣ ያቺ የሕዝብ ዓይን፣ እንደ ታመመ ሰው ፊት ገርጥታ ትበራለች። በካባ የተጠቀለለው አልቦም ታቅፏት ተቀምጧል። አለቃ በሁለት ቋጥኞች መካከል ያለውን ክፍተት ለታንጉት አሳየና እንዲህ አላት፦ «በር ማለት ዘብ የቆመበት ነው። አጋድሚው።»

ታንጉት ጦሯን በሁለቱ ቋጥኞች መካከል አጋደመች። «እኔ ታንጉት ነኝ! የሸዋዬ ልጅ! የሰንቀራ ዘብ! አንተ ማን ነህ? የማን ልጅ ነህ?»

ጭጋጉ ተንቀሳቀሰ። ካባው ተነሣ፣ እንደ ዋርካም ገዘፈ።

«ማን እንደሆንኩ አታውቂም?»

ያ ድምፅ! ያ ከበቅሎ ላይ የሚወርድ ድምፅ! የታንጉት ጦር ከቋጥኙ ላይ ተንሸራተተ።

«ጦርሽን ቀና አድርጊ ልጄ» አለ አለቃ ከኋላዋ፣ በቀስታ፣ የበሩን ሥራ ሲያስተምራት ይናገር እንደነበረው። «የጠየቀሽን መልሺለት። ጥያቄ እኮ ነው።»

ታንጉት ጦሯን ቀና አደረገች። «አላውቅም!» አለች። «አላውቅህም! ማን ነህ?»

ያን ጊዜ አልቦ ጮኸ። ከፍጥረቱ ጀምሮ ይህን መልስ የሰጠው የለም። ካባው ወደቀ፤ ከውስጡ ባዶ ጭጋግ ብቻ ወጣ። ታንጉት ዘላ ወጋችው፤ ጦሯ ውኃ እንደወጋ አለፈበት። ደግማ ወጋች፤ እንደዚያው። ጭጋጉ በንጋት ላይ ተጠቅልሎ ይውጣት ጀመር፤ ብርሃኗ ፍም፣ ፍሟ ጥቀርሻ ሆነ።

አለቃ ነገሩ ገባው። ስም የሌለው አይሞትም። ቆቡን አውልቆ ለጫኔ ሰጠና ወደ ጭጋጉ ገባ።

«አልቦ ሆይ! የራበህ ስም ነው። ሰው ሁሉ ሲነፍግህ ኖሯል፤ እኔ እሰጥሃለሁ!»

የራሱን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም ጠራ። ሦስቱም ከአፉ እንደ ብርድ ቀን ትንፋሽ ወጥተው ወደ ጭጋጉ ገቡ። ጭጋጉ ረጋ፤ ሥጋ ለበሰ፤ ሽበት አወጣ። የአለቃን መልክ ይዞ ቆመ፤ በጉንጩ ላይ እንኳ የዛራሞ ጣቶች ቀልተው ይታዩ ነበር።

«አሁን ልጄ! ስም ያለው ሁሉ ይሞታል። ውጊው!»

«አለቃ፣ እርስዎን መስሏል እኮ! ልገድልዎት ነው? ላድንዎት ነበር የማልኩት!»

«ዘብ ነሽ አይደለሽም? ስሙን ጠየቅሽ፣ ስሙንም ሰማሽ። እንዳይገባ በይው!»

ታንጉት ዓይኗን አልጨፈነችም። ወጋችው። ከጦሩ በዚህ በኩል አንድ ሽማግሌ ወደቀ፤ ከጦሩ በዚያ በኩልም አንድ ሽማግሌ ወደቀ። ያኛው ጤዛ ሆኖ ተነነ። ይሄኛው ቀረ፤ አልተነሣም።

ቀብረውት ድንጋይ ከመሩበት። ጫኔ ማሲንቆውን ቃኘ፣ ሊያለቅስለት አፉን ከፈተ፤ «ወይኔ…» ብሎ ቆመ። «ወይኔ…» ብሎ ደገመ።

«ታንጉት፣ ስሙ… ስሙ ማን ነበር?»

ታንጉት አሰበች። አሁን ከጆሮዋ ሥር የጠራው ስም! እንጀራ ቆርሶ ያጎረሳት፣ ጦር አያያዝ ያስተማራት ሰው ስም! በአእምሮዋ ውስጥ የተነቀለ ጥርስ ቦታ የመሰለ ክፍተት አገኘች፤ ሌላ ምንም የለም።

ንጋት ወደ ግንቧ በተመለሰች ጊዜ ፀሐይ ወጣች። እልልታው ሰማይ ደረሰ። ታንጉት ግን ከበሩ ሳትርቅ የአለቃን ቆብ ታቅፋ ቆመች፤ በበሩ ላይ የነበረችው እርሷ መሆኗንም ጮክ ብላ ለሕዝቡ ተናገረች። ማንም ድንጋይ አላነሣባትም። መበለቲቱ ስንዱ «ያ ሽማግሌስ?» ብላ ስትጠይቅ፣ ታንጉት ቆቡን አሳየቻት። ስንዱ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

ብርሃን መመለሱ በተሰማ ጊዜ ዛራሞም ተመለሰ። ለካ ከተማው በጨለመበት ሰሞን ፀሐይ ወዳለበት ቆላ፣ ወደ ርስቱ ወርዶ ኖሯል። በባለ ቀንድ በቅሎው ላይ እንደተኮፈሰ፣ ገበያተኛውን በጅራፍ ገለል አስደርጎ በሩ ላይ ደረሰ። «ሸንጎው ብርሃንህን መልሶልሃል!» ብሎ ለሕዝቡ ጀመረ።

ታንጉት ጦሯን አጋደመች። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ፣ «እኔ ታንጉት ነኝ፤ የሰንቀራ ዘብ። ማን ነዎት? የማን ልጅ ነዎት?»

«አንቺ! ማን እንደሆንኩ አታውቂም?» እጁን አነሣ።

ያን ጊዜ ስንዱ ቅርጫቷን አስቀምጣ ወደ ፊት መጣች። «እኔ ስንዱ ነኝ፤ የጠጄ ልጅ፣ ዶሮ ሻጭ። እኔ ድኻዋ ከተናገርኩ እርስዎን ምን ያንቅዎታል?» አለች። ከኋላዋ አንድ ሸክላ ሠሪ ስሙን ተናገረ። ቀጥሎ ባለ ጨው፣ ባለ ግመል፣ ጫኔ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት፤ የሕፃኑንም ስም ጨምራ። በመጨረሻ የዛራሞ አሽከሮች ራሳቸው ከበቅሎ ወርደው ስማቸውን ሰጡ። የሳቀ የለም። የተነሣችው እጅ በአየር ላይ ቀረች፤ የት እንደምትወርድ ጠፋት።

ዛራሞ ከበቅሎው ወረደ። ስሙን ወደ መሬት እያየ ተናገረ። ታንጉት ስሙን ጮክ ብላ መልሳ ጠራችና ጦሯን አነሣች።

«ይግቡ» አለች።

ዛራሞ ዛሬም ከሸንጎው አልተነሣም፤ እንዲህ ያለው ሰው በአንድ ቀን አይነቀልም። ወፎቹም ዛሬም ከግንቡ ላይ አልጠፉም። ነገር ግን ወደ ሰንቀራ የሚገባ እንግዳ በበሩ ላይ አንድ ነገር ያያል፦ ዘቡ ጦሩን ካጋደመ በኋላ፣ የራሱን ስም ከመናገሩ በፊት፣ አንዲት ትንፋሽ ያህል ዝም ይላል። የማያውቅ ሰው ዘቡ የሚናገረው የጠፋበት ይመስለዋል።

አልጠፋበትም። ያ ዝምታ የአለቃ ስም ነው።