ወንዙ የሚጠራባቸው ቀናት

ሟቹን ከእበት ማጠራቀሚያው አውጥተው ግቢው መሃል ላስቲክ ላይ አስተኝተውታል። ሠራተኛው፣ ጎረቤቱ፣ ወተት ገዢው ሁሉ «ጌቶች» ነበር የሚሉት፤ የአካባቢው የወተት ላሞች ግማሽ ያህል የእሱ ነበሩና። አሁን ፊቱ ከእበቱ ታጥቦ እንኳ የቁጣ መስመሩ አልለቀቀውም።

«ጋዝ ነው የጨረሰው» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ፣ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ። «እዚህ ጉድጓድ ውስጥ የገባ አይተርፍም ይላሉ። ታናሽ ወንድሙም ሊያወጣው ወርዶ ለትንሽ ነው የተረፈው። አደጋ ነው፣ ኢንስፔክተር። መዝግበን እንሂድ።»

መርማሪዋ ወደ ማጠራቀሚያው ተጠጋች። ደንዳና፣ እርምጃዋ ከባድ ሴት ነበረች፤ የሥራ ባልደረቦቿ በሌለችበት «ዝግታ» ይሏታል። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ወደ ማጠራቀሚያው ሲያይ እሷ አንጋጣ ጣሪያውን አየች። ከማጠራቀሚያው አፍ በላይ ባለው ጣውላ ላይ የወፍ ጎጆ ነበር። ጫጩቶቹ አፋቸውን እንደከፈቱ ሞተዋል። እናትየው ከአጠገባቸው ተደፍታለች።

«እነዚህ ወፎች ዛሬ ነው የመጡት?» ስትል ጠየቀች።

ታናሽ ወንድሙ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ያስላል። «ኧረ በየዓመቱ እዚሁ ነው የሚፈለፍሉት።»

«ጋዙ እስከዛሬ ለምን አልገደላቸውም ታዲያ?»

«እበቱ ከላይ ሲደርቅ ቅርፊት ይሠራል። ጋዙ ከሥር ታፍኖ ይቀመጣል። በማማሰያው ሞተር ካልተማሰለ በቀር አይወጣም።»

መርማሪዋ ጎንበስ አለች። ቅርፊቱ ተሰባብሮ በማማሰያው ዙሪያ አረፋ ደፍቋል።

«ዛሬ ተማስሏል።»

«ማን ያማስለዋል?» ወንድምየው ቀና አለ። «የምናስነሳው ማሳ ላይ ልንረጭ ስንል ነው። ያኔም ሰው ሁሉ ከግቢ ይወጣል!»

ፖሊሱ መሐረቡን ከአፍንጫው አወረደ። የመመዝገቡን ነገር ዳግመኛ አላነሳውም።

ሬሳውን ያወጡት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሌላም ነገር ነገሯት። ከብረት መሰላሉ ሥር አንዲት ጠባብ እርከን አለች፤ እርከኗ ላይ ቫልቭ አለ። ሌላው ብረት ሁሉ ዝጓል፤ የቫልቩ መዘውር ግን እጅ ሲያሸው የኖረ ስለሆነ ያብረቀርቃል። ከመሰላሉ ራስ አጠገብ ባለው ምሰሶ ላይ ደግሞ «ለአደጋ ጊዜ» ተብሎ በቀይ የተጻፈበት ባዶ መንጠቆ አየች።

ከወንድምየው ጋር ወደ ወተት ቤቱ ገቡ። ትልቁ የወተት ማቀዝቀዣ ዝግ ባለ ድምፅ ያጉረመርማል። ከጎኑ ግድግዳው ላይ አንድ ወፍራም ሶኬት አለ። ማቀዝቀዣው ተሰክቶበታል፤ የማማሰያው ገመድ ከነስፒናው መሬት ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«ሁለቱም በዚሁ በአንዱ ነው የሚሠሩት?»

«መስመሩ ሁለቱን አይችልም። አንዱ ሲሰካ ሌላው ይነቀላል።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ማለብ ሳልጀምር ማቀዝቀዣው መሰካቱን በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ የማለቢያው ማሽን ተነሳ። እሱ ከተነሳ እንኳን ሌላ ድምፅ የራሴንም ሳል አልሰማም።»

«ከወንድምህ ጋር ሆድና ጀርባ ነበራችሁ አሉኝ።»

ፊቱ ቀላ። «የወንዝ ጥበቃ ደንቡ ‘ከብቶቹን ከወንዙ ዳር አርቁ፣ አጥር እጠሩ፣ ዛፍ ትከሉ፣ እበት ወደ ውሃ አትልቀቁ’ ይላል። እኔ ‘እንፈጽም’ አልኩ። ጋሼ በሠራተኛ ፊት በጥፊ አጮለኝ።»

«ቂም ያዝክበት?»

«ያዝኩበት። አሁንም ሞቶ እንኳ አልወጣልኝም።» እንባውን በብርድ ልብሱ ጠረገ። «ግን ወድቆ ሳየው ዘልዬ ነው የወረድኩት። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ጠብታ ደረቴን ሲጫነኝ ነው።»

ጠብታ የወተት ቦቴው ሹፌር ነው። ስሙ የወጣለት አንዲት ጠብታ ወተት መሬት ላይ አያስፈስስም ተብሎ ነው። ቴርሞሜትሩን ሳይነክር አይጭንም፤ ወተቱ ትንሽ ሞቅ ካለ፣ የጌቶችም ቢሆን፣ «አልወስድም» ብሎ ጥሎት ይሄዳል። ዛሬ ግን ፖሊሱ «ወተቱ እንዳይበላሽ» ብሎ አሰናብቶት፣ አድርሶ ተመልሶ፣ ከቦቴው አጠገብ ቆሟል።

መርማሪዋ በመጀመሪያ የውሃ ተቆጣጣሪውን ጠራችው። ከተፋሰሱ ውሃ ጽሕፈት ቤት የተላከ፣ ቀጭን፣ የአንገት ቁልፉን እስከ ላይ የቆለፈ ሰው ነው።

«መኪናዎ ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው የደረሰው» አለችው። «ጫማዎ ግን ቀድሞ የደረሰ ይመስላል። ይህ የወንዝ ዳር ጭቃ ነው።»

ተቆጣጣሪው ጫማውን አየ፤ ሊዋሽ አስቦ ተወው። «መኪናዬን ድልድዩ ጋ ደብቄ በቄጠማው ውስጥ ገብቼ ነበር። የምንመጣበትን ቀን አስቀድመን እንድናሳውቅ ታዘናል። በመጣሁ ቁጥር ውሃው እንደ መስታወት ነው። ሰውየው በስብሰባ ላይ ‘ይህ ጠርሙስ ተሸካሚ’ ብሎኝ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ዛሬ ካሳወቅሁት ሰዓት ቀድሜ፣ ሳይጠብቀኝ ልያዘው ብዬ ነው።» ከቦርሳው ጠርሙስ አወጣ፤ ውስጡ ያለው ውሃ ቡናማ ነው። «ይኸው ያዝኩት! እሱ እንዳዋረደኝ በሰው ፊት ላዋርደው ነበር። ሞቶ አመለጠኝ።»

«ይህን ያህል ጠምደውት ነበር?»

«ለራሴ ብቻ አይደለም።» ድምፁ ወረደ። «አንዲት እናት ቢሮዬ መጥታ ነበር። ባዶ የሕፃን ብርድ ልብስ ታቅፋ። ልጇ ከንፈሩ፣ ጥፍሩ ሰማያዊ ሆኖ እጇ ላይ ሞተባት። ወንዝ ዳር ባለ የውሃ ጉድጓድ ነበር የዱቄት ወተቱን የሚበጠብጡለት። እበት ውሃ ውስጥ ሲገባ ናይትሬት የሚሉት ነገር ይበዛል፤ ትልቅ ሰው ይችለዋል፣ ጨቅላ ግን ደሙ አየር መሸከም ያቅተዋል። እኔ ምን አልኳት? ‘ወንዙ ንጹህ ነው፣ ለክተናል።’ አየችኝና ሄደች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።»

«ባሏን አይተውታል?»

«አላየሁትም። ብቻዋን ነበረች።»

የሟቹ ሚስት ግቢውን በሚያሳየው መስኮት አጠገብ ጀርባዋን አቅንታ ተቀምጣለች።

«ባለቤትዎ እዚያ ለምን ወረዱ?»

«መፍቻ ወድቆበት ይሆናል።»

«እርከኗ ላይ መፍቻ የለም፤ ቫልቭ ነው ያለው። የሚወስደው የት ነው?»

ሴትየዋ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። ከዚያ «ወደ ወንዝ» አለች፣ በአጭሩ። «ማጠራቀሚያው ቶሎ ይሞላል። ሌላ ትልቅ ይሠራ ብለው አስጨነቁን። ሁሉም ገበሬ የሚያደርገውን ነው ያደረግነው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ እንዘጋዋለን።»

«እንዘጋዋለን?»

«እሱ በሌለበት እኔ ወርጄ እዘጋዋለሁ። ምን አለበት?»

«ወንድሙ ሲወርድስ አዩት?»

«አየሁት። አንዱ ሞቶ ሌላው ሊደገም ነው ብዬ ጮህኩ። ጠብታ ዛሬ ቀደም ብሎ መጥቶ ነበር፣ እግዚአብሔር ይስጠው። ጩኸቴን ሰምቶ በሩጫ ወተት ቤት ገባ፤ ወጥቶ ወደ ማጠራቀሚያው በረረ። ሽፋኖቹን ሁሉ ገለባበጠ፣ ወገቡን አስሮ ትንፋሹን ይዞ ገባ፣ ጎትቶ አወጣው።»

«ወተት ቤት ምን ሊያደርግ ገባ?»

«ገመድ ሊያመጣ ነዋ!»

መርማሪዋ በመስኮቱ ወደ ቦቴው አየች። ሙቀት ነበረና ጉሮሮዋ ደርቋል፤ ወጥታ ወደ ቦቴው አመራች።

«ውሃ ይኖርሃል፣ ጠብታ?»

ሹፌሩ ከወንበሩ ሥር ጀሪካን አውጥቶ ቀዳላት። አንዲት ጠብታም አላፈሰሰም።

«ጥሩ ውሃ ነው። ከየት ነው?»

«ከከተማ ነው የምቀዳው።»

«ቤትህስ?»

«ታች፣ ከድልድዩ ማዶ። ወንዙ ዳር።»

«ወንዝ ዳር እየኖርክ ውሃ ከከተማ?»

«የጉድጓዳችን ውሃ አይጥመኝም» አለና ጀሪካኑን በጥንቃቄ ከደነው።

አመስግናው ዞር አለችና ወደ ወተት ፋብሪካው ደወለች። ንግግሩ አጭር ነበር። ስትጨርስ ፖሊሱን «ሁሉንም ወተት ቤት ሰብስብልኝ» አለችው።

ሚስትየዋ በሩ አጠገብ ቆመች፣ ወንድምየው ግድግዳ ተደገፈ፣ ተቆጣጣሪው ቦርሳውን አቀፈ። ጠብታ ከሁሉም ኋላ እጆቹን አጣምሮ ቆመ።

«ጌቶችን አደጋ አልገደላቸውም» ስትል ጀመረች መርማሪዋ። «ከማጠራቀሚያው በላይ ያሉት ወፎች ዛሬ ነው ያለቁት። ይህ የሚሆነው እበቱ ሲማሰል ብቻ ነው። አንድ ሰው፣ እሳቸው ቫልቩን ሊዘጉ እንደወረዱ፣ ማማሰያውን አስነሳባቸው። የተቆጣጣሪው ጠርሙስ እንደሚያሳየው ወንዙ ዛሬ ጠዋት ቆሻሻ ነበር። ስለዚህ ሳይዘጉት ነው የሞቱት።

«ማማሰያውን ለማስነሳት ማቀዝቀዣው መነቀል አለበት። ፋብሪካውን ጠየቅሁ፤ የዛሬውን ወተት ሞቋል ብሎ መልሶታል። ማለብ ሲጀመር የተሰካ ማቀዝቀዣ እኔ ስገባ ተሰክቶ አገኘሁት፤ በመሃል ግን ተነቅሎ ነበር።»

«ወንድሙ ይሆናላ!» አለች ሚስትየዋ። «ወተት ቤቱ ከማለቢያው ጋር ግድግዳ ነው የሚለያቸው!»

«ጋዙ መልቀቁን የሚያውቅ ሰው ተከትሎ አይወርድም። ተቆጣጣሪውም ቄጠማው ውስጥ ነበሩ፤ ጠርሙሳቸው ይመሰክርላቸዋል፤ ደግሞ እሳቸው የሚፈልጉት ሰውየውን በሕይወት ይዘው ማዋረድ ነው። እርስዎም እዚያ መስኮት ላይ ሆነው ያዩትን የነገሩኝ ትርጉሙን ስላላወቁት ነው። ጠብታ ወተት ቤት ገመድ ሊያመጣ ገባ አሉኝ። የአደጋ ጊዜው ገመድ የሚሰቀለው የት ነው?»

«ምሰሶው ላይ፣ ከመሰላሉ ራስ...» ሚስትየዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«አዎ። ገመዱ እዚያ ነበር፤ ወንድሙን ያወጣበትም እሱ ነው። ታዲያ ሰው ሊሞት እያለ ወደዚህ ቤት ለምን መጀመሪያ ሮጠ? ማማሰያውን ሊነቅል ነው። እየሠራ መሆኑን የሚያውቀው ያስነሳው ሰው ብቻ ነው። ነቀለ፤ እጁ ለምዷልና ማቀዝቀዣውን መልሶ ሰካ። ወተት ሲሞቅ የማይወደው ሰው ዛሬ ቴርሞሜትሩን ሳይነክር ጫነ፤ ‘አልወስድም’ ቢል ‘ማቀዝቀዣውን ማን ነቀለው’ ተብሎ ይጠየቃልና።»

ጠብታ እጆቹን ፈታ።

«ተቆጣጣሪው ጋ የመጣችው ሴት ሚስትህ ነች?» አለችው መርማሪዋ ቀስ ብላ።

«ነች።» ድምፁ አልተሰበረም። «ጡቷ ደርቆባት ነበር። የዱቄቱን ወተት በጉድጓዳችን ውሃ በጠበጥንለት። አፍልተን! ንጹህ እንዲሆን ብለን አፍልተን ነው የሰጠነው። ለካ ማፍላት መርዙን ይብሱን ያከማቸዋል። እኔ የሰው ወተት አንድ ዲግሪ ሞቀ ብዬ የምመልሰው ሰውዬ፣ ልጄን መርዝ በእጄ አቀመስኩት።» ተቆጣጣሪውን አየው። «ንጹህ ነው አላችኋት። እኔ ግን ወንዙ ዳር ነው የምኖረው። ውሃው የሚጠራው የእናንተ መኪና በሚመጣበት ቀን ብቻ ነው። ማን እንደሚዘጋው ለማወቅ ባሳወቃችሁት ቀን ከቦቴዬ ሆኜ መጠበቅ ብቻ ነበር የቀረኝ። ሲወርድ አየሁት። ከላይ ሆኜ የልጄን ስም ጠራሁለት። ቀና ብሎ ‘ደግሞ ማን ነው እሱ?’ አለኝ። ሄጄ ሰካሁት።»

ወንድምየው ከግድግዳው ተነስቶ ፊቱ ቆመ። «እኔን ለምን አወጣኸኝ? ብትተወኝ ማንም አያውቅብህም ነበር።»

«አውቃለሁ። አንተ አጥሩን ልታጥር የፈለግክ ሰው ነህ። ካንተ ጋር ምን አለኝ?»

«አሁን ግን እኔ ካንተ ጋር አለኝ» አለ ወንድምየው፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «ክፉም ቢሆን አሳድጎኛል። ነፍሴን አተረፍክልኝ ብዬ ይቅር አልልህም። እስክሞት አልልህም።»

«አትበለኝ» አለ ጠብታ። «እኔም ለእሱ አላልኩም።»

ፖሊሱ ካቴናውን አጠለቀለት። ሚስትየዋ ያን ጊዜ ነው የፈነዳችው። «ይሰቀልልኝ! በዓይኔ ካላየሁ አልሞትም! ሰው የገደለ ሰው ነው!»

መርማሪዋ ጠበቀቻት፤ እስኪወጣላት አላቋረጠቻትም። ከዚያ «የእሱን ዳኛው ያየዋል» አለች። «እርስዎ ደግሞ የሚደርቡት ነገር ይያዙ። ቫልቩን በእጄ ዘግቻለሁ ብለውኛል። የሕፃኑም ሞት መዝገብ ዛሬ ይከፈታል። አብረውን ይሄዳሉ።»

ሴትየዋ ወደ ወንድምየው ዞረች፤ እሱ ፊቱን አዞረ። ወደ ተቆጣጣሪው ዞረች፤ እሱ ጠርሙሱን ለመርማሪዋ እያስረከበ ነበር።

የፖሊስ መኪናው አንድ ብቻ ስለነበረ ሁለቱን ከኋላ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። መንገዱ ወንዙን ተከትሎ ይወርዳል። ሚስትየዋ መጀመሪያ ጥግ ይዛ፣ ቀሚሷ እንኳ እንዳይነካው ሰብስባ ተቀመጠች። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ደጃፉ ላይ አንዲት ሴት ብቻዋን የቆመችበት ትንሽ ቤት አለፉ። ጠብታ አንገቱን አዙሮ ቤቱ እስኪጠፋ ድረስ አየ።

«ስንት ወሩ ነበር?» አለች ሚስትየዋ፣ በለሆሳስ።

ጠብታ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።