የደም ባለቤት

ሸንቁጤ ረፋዱ ላይ ትንሿን ጠመንጃውን እንደ ወትሮው በጨርቅ ወልውሎ፣ ከሚስቱ ወንድም ከእርገጤ ጋር ወደ ጥዱ ጫካ ገባ። ጉሙ ገና አልተነሣም፤ የረጠበ ቅጠልና የበሰበሰ ግንድ ሽታ አፍንጫ ይሞላል፤ ከቅርንጫፍ የሚወርደው ጠብታም ከኋላቸው ሰው የሚራመድ ያስመስለዋል።

«ጋሼ፣ በዚህች ድኩላ ይወድቃል?» አለ እርገጤ፣ ባቄላ የምታክለውን ጥይት መዳፉ ላይ እያንከባለለ። «ይቺ እኮ የቆቅ ናት!»

«ድምፅ የላትም። ዝም ብለህ ተከተለኝ።»

ምነው እርገጤን በሰማው ኖሮ! ድኩላው ከኮሶው ሥር ብቅ ሲል ሸንቁጤ ተኮሰ። ጭራሮ የተሰበረ ያህል ጧ አለች። ድኩላው ደነገጠ እንጂ አልወደቀም፤ ቅጠሉ ላይ ደም ጠብ ጠብ እያደረገ ጉሙ ውስጥ ገባ። በአገሩ አዳኞች ደንብ አውሬ ያደማ ሰው ይጮኻል፤ ከጮኸ ማንም አይነካበትም፤ እሱም ሳይጨርሰው ቤቱ አይገባም። ሸንቁጤም ጮኸ።

«ያደማሁት እኔ ነኝ!»

ደሙን ተከትለው ቁልቁል ወረዱ። ብዙ ከሄዱ በኋላ፣ ከሸለቆው ሥር፣ «ያደማሁት እኔ ነኝ!» የሚል ድምፅ መጣ።

«የገደል ማሚቶ ነው» አለ ሸንቁጤ።

«የገደል ማሚቶ ይሄን ያህል ይዘገያል እንዴ?»

ሸንቁጤ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ ደሙን መከተሉን ቀጠለ። ወፉ ሁሉ ዝም ብሏል። ጭቃው ላይ የድኩላው ኮቴ ድንገት ተቋረጠ፤ ደሙ ግን ቀጠለ። እንመለስ ሊል አፉን ሲከፍት ጧ የሚል ድምፅ ሰማ፤ እርገጤም «ወይኔ እናቴ!» ብሎ ተቀመጠ። ጭኑ ላይ ባቄላ የምታክል ቀዳዳ አለች። የሸንቁጤ ጠመንጃ ግን ትከሻው ላይ ነበረች።

«ያደማሁት እኔ ነኝ!» አለ ጉሙ ውስጥ ያለው፣ አሁን ቀረብ ብሎ፣ በራሱ በሸንቁጤ ድምፅ።

ሸንቁጤ እርገጤን አዝሎ ዳገቱን ሮጠ።

«ጋሼ፣ እንዳትጥለኝ!»

«ምን ነካህ? እህትህን በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

ግራና ቀኙ ሣሩ ይንኮሻኮሻል፤ የረጠበ ጠጉር ጠረን ጉሮሮው ውስጥ ይገባል፤ ጩኸቱም አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ እየቀረበ፣ በጀርባው የሚወርደው የእርገጤ ደም እየሞቀው፣ የዛፍ ሥር አደናቀፈውና ሁለቱም ተያይዘው ወደቁ። ጥይቱን ወደ ጉሙ ተኮሰ፤ ጩኸቱ አልቆመም። ምን ያድርግ? ግራ ገባው። ድንገት ደንቡ ትዝ አለው። እርገጤ ላይ ጋቢውን ጥሎ፣ ከላዩ ቆሞ፣ እያለቀሰ ጮኸ።

«የኔ ነው! ያደማሁት እኔ ነኝ! ማንም እንዳይነካብኝ!»

ኮሽታው ቆመ። ጠረኑም ራቀ። ሸንቁጤ ተንበርክኮ «ተመስገን፣ ተመስገን» አለ፤ እርገጤም እጁን ጨበጠው።

«ሄዱ መሰለኝ፣ ጋሼ።»

ከግንዱ ማዶ ያ የሸንቁጤ የገዛ ድምፁ፣ ቀስ ብሎ፣ ጨዋ ሰው እንደሚያናግር፣ «ደግ፤ ያንተ ከሆነማ ጨርሰው፤ እዚሁ ሆነን እንጠብቅሃለን» አለው።