ብቻዬን ነው የመጣሁት

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ፈጠራ ነው የሚል ካለ መብቱ ነው። እኔ ግን ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ ደብረ ታቦር ውስጥ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ነው። ዕድሜው ከአባቴ ይበልጣል። እንደ ወጉ አንቱ እያልኩ ልጽፍ ስነሣ...

“ተይው” አለኝ። “ለእኔ አንቱታ አይገባኝም።”

ስለዚህ እሱ እያልኩ እነግራችኋለሁ። ስሙ ይሻው ነው። ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ጣና ሐይቅ ውስጥ ባለች አንዲት የገዳም ደሴት ነው። የገዳሙን ስም አልጠራም።

ጨለማ የምትጠብቁ ካላችሁ አትድከሙ። ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ በፀሐይ ነው።

ይሻው ዕድሜውን ሙሉ የመንገድ ሥራ መኪና ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ መካኒክ ነው። እጁ ሥራ ሲፈታ ቤቱ ጠበበው። የእህቱ ልጅ መልካሙ ደግሞ ባሕር ዳር ላይ እንግዳ የሚያመላልስባት አንዲት ሞተር ጀልባ ነበረችው። እንግዳው ሲጠፋ ጀልባዋ ቆመች።

“ጋሼ፣ ቆማ ከምትበሰብስ እርስዎ ይንዷት” አለው።

ይሻው እንደ ልጅ ፈነጠዘ።

ሚስቱ ማሬ ግን የጉና ልጅ ናት። ብርድ አትፈራም፤ ውኃ ግን ለመጠጥና ለልብስ ካልሆነ አትወድም። ቢሆንም ብቻህን አልለቅህም ብላ ተከተለችው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በጋ ሲሆን የጣናን ዳር ዳሩን ይዘው ይሄዳሉ። ያገኙትን ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፣ ሲመሽ ከሐይቁ ወጥተው ዘመድ ቤት ያድራሉ።

የማሬ ቦታ ከኋላ ነው፤ ከሞተሩ አጠገብ፣ ከባሏ ጎን። የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ትቀመጣለች። አፏ ግን አያርፍም።

“ቀስ በል እንጂ!”

“እምቦጩን አታየውም? ሞተሩ ላይ ሊጠመጠም ነው!”

“ኤዲያ! ቤንዚኑ ገደለኝ!”

ይሻው ይወዳታል። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ግን ያን ሰሞን ጀልባ ላይ ብዙ ቀን ከርመው ነበር፤ ጆሮው ዝሎ ነበር።

ደሴቷ ላይ የደረሱት ረፋድ ላይ ነው።

እዚያ ሴት አትገባም። ቤተ ክርስቲያኑን ብቻ አይደለም፤ የደሴቱን መሬት ራሱ ሴት አትረግጥም። ከባሏ ጋር የመጣች ሴት ጀልባው ላይ ሆና ከሩቅ ተሳልማ ትጠብቃለች። ማሬ ይህን ደንብ ከማንም በላይ ታከብረዋለች።

“ቶሎ ና” አለችው።

“ተሳልሜ መመለሴ ነው።”

“ይሻው... ቀትር ላይ እዚህ ብቻዬን እንዳትተወኝ። በቀትር ውኃ ዳር አይወደድም።”

“አንቺ ደግሞ! ይህን ያህል የት ልቆይ?”

ሳቀባት። ጀልባዋን ከአንድ የዛፍ ሥር አሰራት። ጋቢውን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላትና ዳገቱን ወጣ።

ላይ የተቀበሉት አባ ሀብተማርያም የሚባሉ አዛውንት መነኩሴ ናቸው። መስቀል አሳለሙት። ከዚያ ጠየቁት።

“ብቻህን ነው የመጣኸው ልጄ?”

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ታች የምትጠብቅ ሴት ካለች መነኮሳቱ ምግብ ይልኩላታል። እንግዳውንም “ሰው አታስጠብቅ” ብለው ቶሎ ይሸኙታል። ይሻው ይህን ያውቃል። እሱን ደግሞ ያን ዕለት ጥላው አማረው። ዝምታው አማረው። ለጥቂት ሰዓት የማንም ባል አለመሆን አማረው።

“አዎ አባቴ” አለ። “ብቻዬን ነው የመጣሁት።”

መነኮሳቱ የተበላሸ የውኃ መሳቢያ ሞተር ነበራቸው። መካኒክ መሆኑን ሲሰሙ “እግዜር ነው ያመጣህ!” አሉት። ይሻው እጅጌውን ሰብስቦ ገባበት። ሞተሩ ሲነሣ መረቁት። ዳቦ ቆረሱለት፤ ጠላ ቀዱለት። ከበው ወሬ ይዘውት ሳለ...

ከታች፣ ከውኃው በኩል፣ ቀጭን ድምፅ መጣ።

“ይሻው...!”

ጠላው ከአፉ ሳይደርስ እጁ ቆመ።

አባ ሀብተማርያም አማተቡ። ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

“ሰማህ?”

“...አዎ።”

“ዝም በል። እንዳትመልስ።”

“ምንድን ነው አባቴ?”

“የቀትር ነው። በሴት ድምፅ ይጠራል ይሉ ነበር የፊት አባቶች። እኔ ስሰማው ገና ዛሬ ነው። ስምህን ከየት አመጣው?”

“ምናልባት... ሰው ቢሆንስ?”

“ደሴቱ ላይ ሴት የለችም። አንተም ብቻዬን ነኝ ብለኸናል።”

ይሻው ዳቦውን ቁልቁል አየ። አሁን “ሚስቴ ናት” ቢል መነኮሳት ፊት መዋሸቱን ሊናገር ነው። እንጀራቸውን እየበላ... ምርቃታቸውን ተቀብሎ...

አፈረ። በቃ፣ አፈረ። ሌላ ምክንያት የለውም።

ርቧት ይሆናል አለ በልቡ። ሰልችቷት ይሆናል። ትንሽ ትጣራ።

“ይሻው... ኧረ ይሻው!”

ጠላውን ተጎነጨ።

ሦስተኛው መጣራት አልነበረም። ጩኸት ነበር፤ እየረዘመ የመጣ ጩኸት... ከዚያ እንደ ገመድ ተበጠሰ።

አባ ሀብተማርያም ተነሥተው በሩን ዘጉ። መነኮሳቱ ቆመው ጸለዩ። ይሻውም አብሯቸው ቆመ።

በገዛ ሚስቱ ድምፅ ላይ ጸለየ!

ወደ ጀልባው የወረደው ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣ ጸሎቱ አልቆ በሩ ሲከፈት ነው። ዳገቱን በሩጫ ነው የወረደው።

ጀልባዋ እንዳሰራት ቆማለች። ማሬም አለች።

“እፎይ...” አለ።

የተቀመጠችው ግን ከፊት ነው። ጀርባዋን ሰጥታዋለች፤ ጋቢውን እስከ ራሷ ተከናንባለች።

አኩርፋለች አለ በልቡ። ታኩርፍ፣ ይገባታል።

“ማሬ... ቆየሁብሽ አይደል? ሞተር ጠግንልን ብለው አስቀሩኝ እኮ።”

ዝም።

“ጠርተሽኝ ነበር?”

ጋቢውን ጠበቅ አደረገች።

“ዳቦ አምጥቼልሻለሁ። እንኪ።”

ሳትዞር እጇን ከጋቢው ውስጥ ወደ ኋላ ዘረጋች። እጇ እርጥብ ነበር።

ማሬ ዳቦ ስትቀበል መጀመሪያ ቆርሳ ለእሱ ነው የምትሰጠው። ይህን ሳታደርግ ውላ አታውቅም፤ ስታኮርፍም ታደርገዋለች። አሁን ዳቦው ከነሙሉው ጋቢው ውስጥ ገባ። ሲታኘክ አልሰማም።

ሞተሩን አስነሣው። የቤንዚኑ ጭስ ወደ ፊት ነፈሰ። አላሳላትም። አፍንጫዋንም አልያዘችም።

ትንሽ ከሄዱ በኋላ ሌላ ነገር አየ... ይህን የምታይ የመካኒክ ዓይን ናት።

ማሬ ወፈር ያለች ሴት ናት። እሷ ከፊት ከተቀመጠች የጀልባዋ አፍንጫ ወደ ውኃው መደፋት አለበት። አፍንጫው ግን ሽቅብ ተነሥቷል።

ከፊት ማንም እንደሌለ።

ሊጠራት አፉን ሲከፍት...

“ይሻው!”

ድምፁ የመጣው ከኋላው ነው።

ዞረ።

ደሴቱ ላይ፣ ሴት በማትረግጠው መሬት ላይ፣ አንዲት ሴት ቆማለች። ራሷ ባዶ ነው። ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሶ ገላዋ ላይ ተጣብቋል።

“ይሻው! እኔ ነኝ! ወዴት ትሄዳለህ?”

ሞተሩን አጠፋው። ሐይቁ ጸጥ አለ።

ከፊት የተቀመጠችው ሳትዞር አንሾካሾከች።

“አትመልስ...”

የማሬ ድምፅ ነው። ራሱ የማሬ።

“የቀትር ነው...”

ቀትር ካለፈ ቆይቷል። ይህን ቃል ደግሞ አባ ሀብተማርያም ናቸው የተናገሩት፣ ላይ፣ በር ተዘግቶ። እሷ ከየት ሰማችው?

ይሻው የሞተሩን እጀታ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። በአንድ በኩል ያለችው ሚስቱ ናት። በሌላው በኩል ያለችው ምን እንደሆነ አያውቅም። የትኛዋ የት እንደሆነች ደግሞ...

ማሬ ያን መሬት አትረግጥም አለ ለራሱ። ቢገድሏት አትረግጥም! ስለዚህ ያቺ ማሬ አይደለችም።

ግን አንድ ነገር ከጀልባው ካስወጣትስ? ሌላ የምትረግጠው መሬት አጥታ ቢሆንስ?

መመለስ ይችል ነበር። ሩቅ አልነበረም። ከተመለሰ ግን መነኮሳቱ የሞተሩን ድምፅ ሰምተው ይወርዳሉ። ያዩታል። ብቻህን ነኝ አላልክም ወይ ይሉታል...

ይህን ሲነግረኝ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር። “ሁለት ጊዜ አፈርሁ” አለኝ። “አንዴ ላይ፣ አንዴ ውኃው ላይ።”

የሞተሩን ገመድ ሳበ።

“ይሻው! ብቻዬን አትተወኝ! ይሻውዬ...!”

ድምፁ እንዳይሰማው ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሰጠው። እያለቀሰ ነዳ።

ከፊት ያለችው አብራው ደብረ ታቦር ገባች።

እኛ ጎረቤቶቿ ምን እናውቃለን? እትዬ ማሬ ጨዋ ሆነው መጡ አልን። መጨቃጨቅ ቀረ። ፊቷን ስታዩት ፊቷ ነው፤ ስትሄድ አረማመዷ ነው። “ጋሽ ይሻው ታድለው!” ብዬ የቀለድሁትም እኔው ነኝ። አንገቱን ደፍቶ ገባ እንጂ አልሳቀም።

ልጃቸው ኤደን ከአዲስ አበባ ስትደውል ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትሰማለች። ትሰማለች... አትመልስም።

“አባዬ፣ እማዬ ምን ሆናለች?”

“ጉንፋን ነው። ድምፅዋ ተዘግቶ ነው።”

ሌላ ውሸት።

ሌሊት ልብስ አትደርብም። የደብረ ታቦርን ብርድ ታውቁታላችሁ። ይሻው ምድጃው አጠገብ፣ መደብ ላይ መተኛት ጀመረ። ማነሽ ብሎ አልጠየቃትም። መልሱን ቢሰማ ምን እንደሠራ ያውቀዋላ!

በመጋቢት አልቻለም። ባሕር ዳር ወረደ፤ ጀልባዋን ከመልካሙ ተቀብሎ ብቻውን ወደ ደሴቱ ሄደ። አባ ሀብተማርያም እግር ላይ ወድቆ ሁሉንም ነገራቸው። ዋሽቼዎታለሁ አለ። የጠራችኝ ሚስቴ ነበረች አለ።

መነኩሴው መቋሚያቸውን ተደግፈው ቁልቁል አዩት።

“አንተ ከሄድህም ወዲያ ቀትር ቀትር ላይ ትጠራ ነበር” አሉ በመጨረሻ። “እስከ ቅበላ ድረስ። አልመለስንላትም፤ በር እየዘጋን ጸለይን እንጂ... ብቻዬን ነኝ ስላልከን።”

ይሻው ግንባሩን ከመሬቱ ጋር አጋጨ።

“ከዚያስ አባቴ? ሞተች?”

አባ ሀብተማርያም ግራ ገብቷቸው አዩት።

“ምነው? መጥተህ ወሰድሃት እንጂ።”

“...ማን?”

“አንተ ነሃ። ልክ በዚህች ጀልባ መጣህ። ከላይ ሆነን አየንህ። ከድንጋዩ ላይ አንሥተህ አቅፈህ፣ ጋቢ አልብሰህ አስቀመጥሃት። ሰው መሆኗን ያን ጊዜ ነው ያወቅነው፤ እኛም አለቀስን። ባሏ ይቅር ብሏት ወሰዳት አልን...”

ይሻው የሰማው እስከዚህ ነው። ተንደርድሮ ወደ ውኃው ወረደ።

ሐይቁ እንደ መስታወት ተኝቷል። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ከወዲያ ማዶ፣ የደንገሉን ሣር ዳር ይዛ፣ አንዲት ሞተር ጀልባ ቀስ እያለች ትሄዳለች። ሁለት ሰዎች አሉባት፤ አንድ ሽበታም ሽማግሌ፣ ከጎኑ አንዲት ሴት።

ሴትየዋ ማሬ ናት። በሩቅም ቢሆን የሚስቱን ትከሻ አይስትም።

እየሳቀች ነበር። ውኃ ላይ ስትስቅ አይቷት አያውቅም።

ይሻው እስከ ጉልበቱ ውኃው ውስጥ ገባ። ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ።

“ማሬ! እኔ ነኝ! ማሬ!”

ሳቋ ቆመ። ሰማችው።

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገራት።

ማሬ አማተበች። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ተሸፈነች፤ ወደ ሽማግሌውም ጥግት አለች። ጀልባዋ ደንገሉን ዞራ እስክትጠፋ ድረስ ዘወር ብላ አላየችውም።