አጥንቴን ታጸጂልኛለሽ?

ዊልበርት የኤሊሂያን በር ሲያንኳኳ ቅንድቡ ላይ ዱቄት ነበረበት። ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ግማሹ የፖሙች መንደር ሰው ጠዋት ጠዋት የሚበላው የእሱን ዳቦ ነው። ያን ቀን ግን ዳቦ ሊሸጥ አልመጣም። የሴት ቀሚስ በብብቱ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ጥልፍ የሚሠሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ለማን ነው?»

«ለሚስቴ፣ ለአዴላይዳ። ጨርቁን ከዚህ ከቀሚሷ ይሥሩልኝ። ዘንድሮ ሦስት ዓመቷን ሞላች።»

ኤሊሂያ ሌላ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ሦስት ዓመት የሞላው ሙት፣ በጥቅምት የሙታን ቀን ሲቃረብ ከመቃብር ይወጣል። ቤተሰቡ አጥንቱን አንድ በአንድ አጽድቶ፣ ጥልፍ ጨርቅ አንጥፎ በእንጨት ሳጥን ያኖረዋል። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ አዲስ ጨርቅ ይቀየርለታል፤ ሙትም እኮ ልብስ ያምረዋል! ዘመድ የሌለውን ሙት፣ መቃብር ቆፋሪው ያጸዳዋል፤ ይህን ግን ሰው ለጠላቱም አይመኝም።

«ምን አበባ ትወድ ነበር?»

ዊልበርት አሰበ... አሰበና «እሷ? እሷ እኔን ነበር የምትወደው» አለ።

ኤሊሂያ ሳቅ አመለጣት። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። በሰው ሐዘን መሳቅ! መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ቀና ስትል ግን እሱም ዓይኑ እንባ አቅርሮ እየሳቀ ነበር።

«ከሞተች ወዲህ የሳቅሁት ገና ዛሬ ነው» አላት።

ያን ዱቄት ከቅንድቡ ልትጠርግለት እጇን አነሳች። መልሳ አወረደችው። የማታውቀው ሰው ነዋ!

ጨርቅ በዓመት አንዴ ነው የሚታዘዘው፤ ዊልበርት ግን በሳምንት ሦስቴ መምጣት ጀመረ። «ዳቦ ተርፎኝ ነው» ይላል። ውሸቱን ነው! የዊልበርት ዳቦ ገና ከምድጃ ሳይወጣ ነው ሰው የሚሻማበት። ኤሊሂያ የታመመች እናቷን ስታስታምም ዕድሜዋ ያለፈ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ሴት ነበረች። የእሱን እርምጃ ከሩቅ መለየት ስትጀምር ራሷም ደነገጠች። «እርስዎ» መባባሉ መቼ እንደቀረ ሁለቱም አላስተዋሉም።

ጎረቤት መች ዝም ይላል? «ኧረ ይሄ ሰውዬ የሚያመጣው ዳቦ ነው ወይስ ራሱን?» እያሉ ያሾፉባት ነበር። እሷ ትቆጣለች፤ በሆዷ ግን «ምነው ራሱን ባመጣ!» ትላለች። እሱ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺን አንዲት ቃል ሳይናገር ቀረ።

በሦስተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ መጣ። ከስቷል። ኤሊሂያ ሥራ በዝቶበት ነው ብላ አሰበች።

«ዘንድሮ መቃብሩ ጋ አብረሽኝ ነይ» አላት።

ልቧ ዘለለ። እዚያ የሚወሰድ ዘመድ ብቻ ነው! ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ሲነጋ ሰማያዊ ቀሚሷን ሁለቴ ተኩሳ ሄደች።

ጠዋት ነው፤ ፀሐዩ ገና አልከረረም። ዊልበርት የአዴላይዳን ሳጥን አውጥቶ ተንበርክኮ ይቦርሻል። ድንገት፣ ቀና ሳይል፣

«ኤሊሂያ...»

«ወዬ!»

«እኔ ልጅ የለኝም። እህቴም አርጅታለች። ስሞት... አጥንቴን ታጸጂልኛለሽ?»

ኤሊሂያ ክው አለች። የጠበቀችው ሌላ ቃል ነበር።

«ይሄን ልትለኝ ነው የጠራኸኝ? ያውም ሚስትህ ፊት?»

«እሷም እንድትሰማ ብዬ ነው። ከእሷ ደብቄ ምንም ማድረግ...»

«ስትሞት የሚያጸዳህ ሰው ነው የምትፈልገው? በቁምህስ? በቁምህ ለምንም አላስፈልግህም?»

ዊልበርት አንገቱን ደፍቶ መቦረሹን ቀጠለ።

«ተናገር እንጂ!»

«በቁሜ... የምሰጥሽ ነገር የለኝም።»

«እንግዲያው አጥንትህን መቃብር ቆፋሪው ያጽዳልህ!»

ይህን ብላው ሄደች። ምነው ምላሷን በቆረጠው! ቤቷ ደርሳ ቀሚሷን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ዳቦ አልመጣም። ኤሊሂያ በሱቁ በኩል ማለፍ ትታ ዙሪያ ጥምጥም ትሄድ ጀመር። «ይምጣ! የበደለው እሱ ነው፤ እሱ ይምጣ!» ትላለች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሁለት ወር። ገና ባለፈ በሳምንቱ የቤተክርስቲያኑ ደወል ተደወለ። መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች ሳለ ጎረቤቷ በመስኮት ብቅ አለች።

«ሰማሽ? ዳቦ ጋጋሪው አረፈ።»

ቀብሩ ላይ ከሁሉም ኋላ ቆመች። ምኔ ነው ብላ ወደፊት ትጠጋ?

በሳልስቱ የዊልበርት ታላቅ እህት ኡባልዲና መጣች። ፊቷ የማይፈታ፣ ሰው የሚፈራት ሴት ናት። ወንበር እስኪሰጣት አልጠበቀችም።

«ከገና አታልፍም ብሎ ሐኪሙ መስከረም ላይ ነግሮት ነበር» አለች።

የኤሊሂያ ጥልፍ ከእጇ ወደቀ።

«ታዲያ ለምን... ለምን አልነገረኝም እትዬ?»

«እኔስ መች ሳልጠይቀው ቀረሁ? ‹ከነገርኳት አዝናልኝ እሺ ትለኛለች። እኔ እሺ እንድትለኝ የምፈልገው ወዳኝ ነው› አለኝ። ግትር!» ኡባልዲና በሻሽዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ዕድሜ ቢኖረው ዕድሜውን ይሰጥሽ ነበር፣ ልጄ። የቀረው አጥንቱ ነበር። እሱን ሰጠሽ።»

ኤሊሂያ ደረቷን እየደቃች አለቀሰች። የገደላት መሞቱ ብቻ አልነበረም። ያቺ የመጨረሻ ቃሏ ናት!

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። በየጥቅምቱ የአዴላይዳን ጨርቅ ጠልፋ በኡባልዲና እጅ ትልካለች፤ ራሷ ግን መቃብሩ ጋ ዝር አትልም። ለዊልበርት የጀመረችውን ደግሞ ትጠልፋለች፣ ትፈታለች። አበባ አልሆንላት አለ። በመጨረሻ ዙሪያውን የስንዴ ዛላ አደረገችበት። እሱን እሱን ሸተታት፤ አልፈታችውም።

ሦስት ዓመቱ ሞልቶ፣ በአራተኛው ጥቅምት ጨርቁን በከረጢት ይዛ ሄደች። ኡባልዲና ብሩሿን ጨብጣ፣ የተከፈተው መቃብር አጠገብ ተቀምጣለች። ኤሊሂያ ራቅ ብላ ቆመች።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ይገትርሻል? ፀሐዩ እኮ ሊጠብሰን ነው!»

«ጨርቁን ልስጥዎና ልሂድ እትዬ። እኔ ዘመዱ አይደለሁም። ደግሞም... ምን እንዳልኩት ያውቃሉ።»

«ታዲያስ? እሱ የለመነው እኔን መሰለሽ? እኔ ከሕፃንነቱ ጀምሬ ሳጥበው ኖሬያለሁ፣ ይበቃኛል። ያዢ!»

ብሩሹን እጇ ላይ ጣለችላት።

ኤሊሂያ ሰማያዊ ቀሚሷን ሰብስባ ተንበረከከች። ከእግሩ ጀመረች። የእጁ ጣቶች ጋ ስትደርስ አቃታት። እነዚያ ሊጥ ሲያሹ የኖሩ፣ ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልለው በሯን ያንኳኩ ጣቶች መዳፏ ላይ ምንም አልከበዱም።

«ዊልበርት» አለች። «አዎ... አጸዳልሃለሁ። ያን ቀንም እኮ አዎ ነበር፣ የኔ ሞኝ! በማግስቱ ደግመህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? እኔስ ሱቅህ ድረስ ብመጣ ምን ነበረበት?»

ኡባልዲና ፊቷን አዞረች።

ኤሊሂያ ጨርቁን ሳጥኑ ውስጥ አነጠፈች። ትንንሾቹን ከታች፣ ረጃጅሞቹን ከላይ ደረደረች። ሳጥኑን የምታኖረው ከአዴላይዳ ጎን ነው፤ ቦታው እዚያ ነው። «አደራሽን» አለቻት፣ እንደ ሴት ለሴት። አዴላይዳም እንግዲህ ያን ቀን ሁሉንም ሰምታ ነበር።

መጨረሻ ላይ የራስ ቅሉ ቀረ። ቅንድቡ በነበረበት ቦታ ነጭ አቧራ ተቀምጧል።

«ብሩሹ እኮ እጅሽ ላይ ነው» አለች ኡባልዲና።

«ይሄንን በእጄ ነው እትዬ።»

ብሩሹን አስቀመጠችና በአውራ ጣቷ ጠረገችለት።