በቀትር አቤት አይባልም

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ተረት የፈለገ ሌላ በር ያንኳኳ። እኔን የማያምን ደግሞ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ይሂድና ሙስዓብን ከኋላው ሆኖ ይጥራው። አንዴ ቢጠራው አይዞርም። ሁለቴም ቢጠራው አይዞርም።

ሦስቴ ከጠራው ግን... ያለቅሳል።

ትልቅ ሰው ነው እኮ! ሠላሳን የተሻገረ፣ ሪዙን ያሳደገ ሰው። ለምን እንደሚያለቅስ የነገረኝ ራሱ ነው፤ እኔም እንደነገረኝ አስቀምጠዋለሁ።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባት፣ ወሩ ሐምሌ ነው። ሰዓቱ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ቀን ነው፣ ከቀኑ ስድስት ተኩል። ባጃጁ ክላክሱን እየነፋ፣ ተማሪው ምሳ ፍለጋ እየተራወጠ። ክፉ ነገር ጨለማን ብቻ ይጠብቃል ያላችሁ ሰው ዋሽቷችኋል።

ሙስዓብ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ሱቁ የቤታቸው የፊት ክፍል ናት። ከኋላዋ እሱና እናቱ እትዬ ዐዚዛ ይኖራሉ፤ ሱቁንና ቤቱን የሚለየው አንድ በር ብቻ ነው። አባትየው ዕድሜ ልካቸውን ጨርቅ የሸጡባትን ክፍል በኬብልና በኪቦርድ የሞሏት ልጆቹ ናቸው።

ልጆቹ ያልኩት ሁለት ስለነበሩ ነው።

ታናሹ ዐብዱልከሪም፣ ከሪም የሚሉት፣ ከሁለት ዓመት በፊት ሰሊጥ ሊገዛ ወደ ሳንጃ ወረደ። በቀትር፣ በዚያ ቆላ ሐሩር፣ መኪናው ሞተሩ ግሎ መንገድ ዳር ቆመ። ቢያዝን የሚባለው ሾፌር የታመነ ሰው ነው። ስንት ጊዜ ቢጠይቁት ቃሉ አንድ ነው።

«ከሰሊጥ ማሳው ውስጥ ስሙን ጠሩት። አንድ ጊዜ። አቤት አለና ወረደ... በቃ።»

የአርማጭሆ ሰው ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ማሳውን አበጠረው። ጫማውን እንኳ አላገኙም።

እትዬ ዐዚዛ ደረታቸውን እየደቁ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ምነው ልጄ... ምነው ሳትቆጥር?»

እሳቸው ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ደንብ ነበራቸው። በቀትር ስምህን ቢጠሩህ፣ እስከ ሦስተኛው አቤት እንዳትል። ሰው ከሆነ ሦስቴ ይጠራል። ሰው ያልሆነው፣ ያኛው፣ ግን ሦስተኛው አይሆንለትም። ስለዚህ በዚያ ቤት ሁሉም የሚጣራው ሦስቴ ነው። ጎረቤቱ «የእነዚህ ቤት ሰው ጨው ለመጠየቅም ሦስቴ ይጮኻል» እያለ ይስቅባቸው ነበር።

ግን እስኪ ፍረዱ። ትልቅ ሰው ሲጠራው ዝም ብሎ የሚቆጥር የጨዋ ልጅ የት ይገኛል? ከሪምን ያጠፋው ጨዋነቱ ነው።

ከሪም ሲሄድ አንድ ነገር ትቶ ነበር። በሱቁ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ የራሱን መግቢያ። ኮምፒውተሩ ሲበራ ሁለት ስምና ሁለት ፎቶ ይመጣሉ፤ የሙስዓብና የከሪም። የከሪምን የይለፍ ቃል የሚያውቅ የለም። ፎቶው ላይ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ይስቃል፤ ከኋላው የሱቁ አረንጓዴ ግድግዳ ይታያል።

እትዬ ዐዚዛ በየቀኑ የቀትሩን ሰላት ዙሁርን ከመስገዳቸው በፊት መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሓቸውን፣ እየቆጠሩ መጥተው ፊቱ ይቀመጣሉ።

«ፎቶውን ላሳጥብልሽ እማዬ?» አላቸው ሙስዓብ አንድ ቀን።

«ፎቶማ የሙት ነው። ይኸ ይጠብቀዋል። ሲመጣ ይገባበታል።»

ችግሩ የኮምፒውተሩ ዲስክ ነበር። በዚያ ክረምት መንኳኳት ጀመረ።

ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ...

«ይኸ ዲስክ መስከረምን አያይም» አለ መምህር ክንዱ።

መምህር ክንዱ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር የሙስዓብ ወዳጅ ነው። ከሥራ ሲወጣ ሱቁ ካልደረሰ እንቅልፍ አይወስደውም። በዚያ ሐምሌ ወሬያቸው ሁሉ አዲሱ ዊንዶውስ ቴን ነበር። ሊወጣ ነው፣ ወጣ፣ ደረሰ!

«ስታርት በተኗ ትመለሳለች» ይላል ሙስዓብ። «ዊንዶውስ ኤይት ላይ ጠፍታባቸው ስንቱን አየሁ። አንዷ ጸሐፊ ማጥፊያውን ብታጣው ሶኬቱን ነቅላ ኮምፒውተሩን ተሸክማ መጣች።»

«ዘጠኝን ዘሎ አስር የሚልን ነገር ምኑን ታምነዋለህ? ኡቡንቱ ጫን። ነፃ ነው፣ ቫይረስ አይደፍረው።»

«ኡቡንቱህ ላይ የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ ይሠራል?»

መምህሩ ወሬ ይቀይራል።

«ማክ ኮምፒውተርስ?»

«ማክ ሸጋ ነው። ሲበላሽ ግን መለዋወጫውን ከየት ታመጣለህ? ከማክሰኝት ገበያ?»

ይሳሳቃሉ። እትዬ ዐዚዛ ጥግ ላይ ሆነው ያዳምጣሉ። አንድ ቀን ሙስበሓቸውን አቆሙና ጠየቁ።

«ይኸ አዲሱ... የጠፋውን ይመልሳል ነው የምትሉት?»

ሁለቱም ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

ሙስዓብ የዚያኑ ዕለት ቃል ገባላቸው። አሮጌው ዲስክ ሳይሞት አዲስ ዲስክ ይገዛል፣ ባዶው ላይ አዲሱን ዊንዶውስ ይጭናል፣ ከዚያ የከሪምን መግቢያ ከነፎቶው ያሻግራል። ከተሳሳተ ግን የእናቱ መጠበቂያ ጠፋ ማለት ነው።

ዊንዶውሱ በፍላሽ ሆኖ ከአዲስ አበባ በመንገደኛ እጅ መጣ። ረቡዕ ቀን ነው። በዚያ ሳምንት ፀሐይ የወጣችው የዚያን ቀን ብቻ ነበር።

ሙስዓብና መምህር ክንዱ አሮጌውን ዲስክ ነቅለው ጠረጴዛው ላይ፣ ጋዜጣ ላይ አስቀመጡት። አዲሱን ገጠሙ። የኢንተርኔት ገመድ የለም። እናትየው ከኋላቸው ቆመው ዱዓ ያደርጋሉ።

ነጠብጣቦቹ ስክሪኑ ላይ ክብ ሠርተው መዞር ጀመሩ... ዞሩ... ዞሩ...

«አሁን ስምህን ይጠይቅሃል» አለ መምህር ክንዱ።

አልጠየቀም።

ስክሪኑ ጨለም አለና ሁለት ስም መጣ።

ሙስዓብ። ዐብዱልከሪም።

ሙስዓብ ጠረጴዛውን አየ። አሮጌው ዲስክ እዚያው ጋዜጣው ላይ ነው።

«ከየት አመጣው?» አለ በሹክሹክታ።

«እ... እንጃ።»

እትዬ ዐዚዛ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። በጣታቸው የልጃቸውን ጉንጭ ነኩ።

«ከስቷል» አሉ።

እውነትም ከስቷል። ፎቶው ያ ፎቶ አይደለም። ከሪም አይስቅም። ከኋላው ያለው ግድግዳም...

«መምህር፣ ግድግዳው...»

ሰማያዊ ነው። ሙስዓብ ግድግዳውን ሰማያዊ የቀባው በዚያው ዓመት ለዒድ ነው፤ ከሪም ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በፎቶው ግድግዳ ላይ ለዒዱ የተገዛችው አዲሷ ሰዓት ተሰቅላለች። ስድስት ተኩል ትላለች።

ሙስዓብ ቀና ብሎ እውነተኛዋን ሰዓት አየ።

ስድስት ተኩል።

ፎቶው አሁን የተነሣ ነው። ከሪም የቆመውም እነሱ ከቆሙበት ቦታ ነው።

«በስመ አብ...» አለ መምህር ክንዱ።

መብራት ጠፋ።

ማራኪ ላይ መብራት መጥፋት ብርቅ አይደለም። ግን ያን ቀን ከመብራቱ ጋር ድምፅም የጠፋ መሰለ። ባጃጁ የለም። ተማሪው የለም።

በዚያ ዝምታ ውስጥ፣ ከውስጠኛው በር ጀርባ፣ ሰው ከሌለበት ቤት...

«እማዬ።»

የከሪም ድምፅ ነው። ራሱ ነው! ሙስዓብ የእናቱን ክንድ ያዘ።

«ቁጠሪ... እማዬ፣ ቁጠሪ...»

እትዬ ዐዚዛ ዓይናቸውን ከበሩ አልነቀሉም። ከንፈራቸውን ነክሰዋል።

«እማዬ።»

ሁለት።

ጠበቁ። ሙስዓብ በሕይወቱ እንደዚያ የለመነው ነገር የለም። አንድ ብቻ። ያ ረብ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይጨምር...

ሦስተኛው አልመጣም።

«እማዬ፣ ተይ...»

«ልጄ እየጠራኝ እቆጥራለሁ እንዴ?» አሉና ክንዳቸውን መነጨቁት። «አቤት! አቤት የኔ ጌታ!»

በሩን ከፍተው ገቡ። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ።

ሙስዓብ ዘሎ ገፋው። ያ በር ቁልፍ የለውም፣ ኖሮትም አያውቅም። ግን አልከፈት አለ። መምህር ክንዱም ትከሻውን ሰጠ። ግድግዳ የሚገፉ ይመስል ነበር።

«እማዬ! እማዬ! እማዬ!»

በሩን በጡጫ ደበደበው።

መብራት መጣ። በሩ በራሱ ተከፈተ።

እናቱ መሀል ቤት ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ቀስ ብለው ዞሩ። ፈገግ ብለዋል።

«ምነው? ምን ሆናችሁ?»

ኮምፒውተሩ እንደ ማንኛውም አዲስ ኮምፒውተር ስም ይጠይቃል። ፎቶ የለም። አሮጌውን ዲስክ መልሰው ቢገጥሙት መንኳኳቱን አቁሟል፣ ጤነኛ ሆኗል... ግን ባዶ ነው። ያንኑ ፍላሽ መምህር ክንዱ በሌሎች ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ጫነው። አንዱም ችግር አላሳየም። ጥፋቱ የዊንዶውሱ አልነበረም። መምህሩ ግን ወደ ሱቁ ድርሽ ማለት ተወ።

ሙስዓብ መጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር። እናቱ ማልቀስ ተዉ። ልባቸው ያረፈ መሰለው። የከሪምን ስም አያነሱም፣ ሱቁ ውስጥም አይገቡም።

ቆይቶ ቆይቶ ነው ማየት የጀመረው።

ከእጃቸው የማይለየው ሙስበሓ የለም። ቤቱን ቢያስስ አጣው።

ሰላት ሲደርስ ተነሥተው ወደ ጓዳ ይገባሉ። ለሰላት የታጠቡበት የውዱእ ውሃ ግን ፈሶ አይታይም።

ሲጠሩትም...

«ሙስዓብ።»

አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚጠሩት።

ደንቡን ረስተውት ይሆናል አለ። ሰው ሲያረጅ ስንት ነገር ይረሳል። ራሱን ሲደልል ክረምቱ ወጣ፣ መስቀል አለፈ። አንድ ቀን ሱቁን ለምሳ ቆልፎ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ይበላል። ሱቁን ሲቆልፍ ኮምፒውተሩን ከሶኬት የነቀለው ራሱ ነው። ጠራራ ቀትር ነው።

ከሱቁ ውስጥ ድምፅ መጣ።

ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ...

ዲስክ መሰለው። አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው የሙስበሓ ድምፅ ነው።

«ሙስዓብ።»

ጉርሻው አፉ ውስጥ ደረቀ። የእናቱ ድምፅ ነው። ከሱቁ።

እናቱ ደግሞ ከጎኑ ተቀምጠዋል። ማኘክ አቁመዋል።

«ሙስዓብ!»

ሁለት። ድምፁ ያለቅሳል።

ጠበቀ። አይጠራም፣ ያኛው ሦስተኛው አይሆንለትም፣ እናቴ ነግራኛለች፣ አይጠራም...

«ሙስዓቤ!»

ሦስት።

አፉን ከፈተ። በዚያች ቅጽበት ከጎኑ የተቀመጠችው ሴት የእጁን አንጓ ያዘችው። እጇ እንደ ቆላ ድንጋይ ያቃጥላል።

«አቤት አትበል» አለችው በለሆሳስ።

እሱም... ዝም አለ። ፈራ። እናቱ ሦስቴ ጠርተውት ዝም አለ።

ድምፁ አልተደገመም። እጁን አስለቅቆ ሲሮጥ፣ የውስጠኛውን በር በርግዶ ሱቁ ሲገባ፣ ሰው የለም። ሶኬቱ መሬት ላይ ተነቅሎ ተኝቷል። ስክሪኑ ግን በርቷል።

ሁለት ፎቶ። ዐብዱልከሪም... ዐዚዛ።

ከኋላቸው ሰማያዊው ግድግዳ አለ። እናቱ ሙስበሓቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። አፋቸው ሰው እንደሚጣራ ሰው ተከፍቷል። ዓይናቸው ግን ሙስዓብን አያይም፤ ከትከሻው በላይ፣ በሩን ነው የሚያየው።

ከኋላው፣ ከቤት ውስጥ፣ የእግር ኮቴ ተሰማ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ሙስዓብ።»

አንድ ጊዜ ብቻ። አልዞረም።